ሞተ ወይስ ታረደ

በልግ በቀረበት በዚያ ዓመት በሬዬ ከመክሳቱ የተነሣ፣ ንፋስ ወረኢሉ ድረስ እንዳይወስድብኝ በሁለት ገመድ አስሬው ነበር የማድረው። ይህን መካነ ሰላም ገበያ ላይ ሳወራ የሚስቅልኝ አላጣም ነበር። የቅንጃዬ ነገር ግን አያስቅም።

ቅንጃዬ የደብራችን ቄስ ናቸው። እኔ አንድ በሬ፣ እሳቸው አንድ በሬ፤ ሁለቱን በአንድ ቀንበር ጠምደን ተራ በተራ ነበር የምናርሰው። የአንዳችን በሬ ከወደቀ የሁለታችንም ማሳ ጦሙን ያድራል።

የወደቀው የእሳቸው ዳለቻ ነው። ሁዳዴና ረመዳን በገጠሙበት ሰሞን፣ አንድ ማለዳ ጉልበቱ ከድቶት ደጃቸው ላይ ተዘረጋ። ብንደግፈው፣ ጭራውን ብንጠመዝዘው አልሆነም። ዓይኑ ግን ገና ያያል። ቄሱ ቆመው አዩትና ሙስሊሙን ጎረቤታችንን አስጠሩ።

«ቢላዋህን ይዘህ ና» አሉት። «እኛ እስከ ፋሲካ ሥጋ አንቀምስም፤ እናንተ ማታ ታፈጥራላችሁ። ጥንብ ሆኖ ጅብ ከሚበላው፣ ነፍሱ ሳትወጣ ቢስሚላህ ብለህ እረደው።»

«አባ፣ ዋጋውን እንግዲህ...»

«የምን ዋጋ! ቤትህ ያለው ጦም የረመዳን ብቻ እንዳልሆነ አላውቅም?»

አረደው። ማታ ከእነሱ በኩል የወጥ ሽታ ሲመጣ፣ እኔ ደረቅ ሽሮዬን በአፍንጫዬ እያወዛሁ በላሁ። ቄሱ ለባዶው ጋጣ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠው ነበር።

ከፋሲካ በኋላ፣ መንግሥት ከብት ለሞተበት ሰው የአስቸኳይ ጊዜ ድጋፍ ይከፍላል ተባለ። ደህና በሬ ባይገዛም ወይፈን ይገዛል፤ ወይፈን ከተገኘ እየገራንም ቢሆን ክረምቱን እናርሳለን። ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሦስታችንም ሄድን፤ ቄሱ ባለጉዳይ፣ እኔና ጎረቤታችን ምስክር።

ከወረዳ የመጣው ባለሙያ ቀና ሳይል ጠየቀ።

«ሞተ ወይስ ታረደ?»

«ታረደ» አሉ ቄሱ።

እስክሪብቶውን አቆመ። «አባ፣ ድጋፉ እኮ በድርቅ ለሞተ ነው። የታረደማ ተበልቷል።»

እኔ ዘልዬ ገባሁ። «ኧረ ጌታዬ፣ ያ በሬ ከሞተ ከርሟል! የታረደው ለደንቡ ነው። ቢላዋው ሲያርፍበት ደም አይደለም፣ አቧራ ነው የወጣው!»

ባለሙያው ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም። «እንግዲያው ከመታረዱ በፊት ሞቶ ነበር ይበሉኝና ልጻፈው» አለ።

ጎረቤታችንም ተለማመጠ፤ «ሞቶ ነበር ይበሉ አባ። አላህ ያውቀዋል።»

ቄሱ ዘንጋቸውን ተደገፉ። ከዚያ ወደ ጎረቤታችን ዞሩ።

«ሞቶ ነበር ካልኩ፣ አንተና ልጆችህ በረመዳን ያፈጠራችሁበት ምን ሊባል ነው? ጥንብ አበላኋቸው ልበል?»

ጎረቤታችን አንገቱን ደፋ።

«ታረደ ብለህ ጻፍ» አሉት ባለሙያውን።

ድጋፉ ቀረ።

ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ያለፈውን ሊክስ ይመስል ወረደ። የእኔ በሬ ሣር ቀምሶ አማረበት፤ ብቻውን ምን ያደርጋል! አንድ ማለዳ ጎረቤታችን ወንድሞቹን አስከትሎ፣ ዶማ ይዞ የቄሱ ማሳ ላይ ተገኘ። እኔም ዶማዬን ይዤ ገባሁ።

«ዳለቻው በስንት እግሩ ተነሣ እናንተ!» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ቄሱ ብቻ፣ «ቆፍር፣ አንተ ዋሾ» አሉኝ።

ዶማ ግን በሬን አይተካም። የዘር ጊዜ እስኪያልፍ የቻልነውን ቆፈርን፤ የላይኛው እርከን ጦሙን አደረ። የእኔም ማሳ አብዛኛው እንዲሁ። ቄሱ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በዚያ በኩል ያልፋሉ፤ ያልታረሰውን መሬቴን ቆም ብለው ያዩታል። ይቅርታ ግን አልጠየቁኝም። እኔም አልጠበቅሁም።