ቻቻው አይቀየርም

ምንትዋብ በረዶ ላይ መደነስ የጀመረችው በአርባ አራት ዓመቷ ነው። ዕድሜዋን ያነሳሁት ለማስገረም አይደለም፤ እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ ሰው ሁሉ ስለ እሷ ሲያወራ ከዚያ ስለሚጀምር ነው። "በዚህ ዕድሜዋ!" ይላሉ። እሷ ደግሞ "ታዲያ በየትኛው ዕድሜዬ ልጀምር ኖሯል? አዲስ አበባ እኮ በረዶ የሚመጣው ከሰማይ ነው፣ እሱም ቆርቆሮ ሊበሳ" ትላለች።

እኔ ፌርፋክስ ላይ ቅመማ ቅመምና የሐበሻ ልብስ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። ምንትዋብ ጓደኛዬ ነች። ሳንታ ሞኒካ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ደም ትቀዳለች፤ የምትኖረው ሃውቶርን፣ ከባሏ ከዘላለም ጋር ነው። ዘላለም ለብዙ ዓመት ታክሲ ሲነዳ ኖሮ፣ ሰው ሁሉ መኪና በስልክ መጥራት ሲጀምር እሱም ወደ አፑ ገባ። ሃይሚ የምትባል አንድ ልጅ አለቻቸው።

ነገሩ የተጀመረው በሃይሚ ነው። የክፍል ጓደኛዋ ልደት አይስ ሪንክ በሚባለው የበረዶ መንሸራተቻ ላይ ተከበረና ምንትዋብ ይዛት ሄደች። ልጅቷ ሁለቴ ወደቀችና ጫማውን አውልቃ ፒዛዋን መብላት መረጠች። እናትየው ግን አጥሩን ተደግፋ ዞረች፤ ከዚያ አጥሩን ለቀቀች። በሳምንቱ ብቻዋን ተመልሳ ሄደች።

በዓመቱ ወድቃ የእጇ አንጓ ተሰበረ። ዘላለም ያን ቀን ጮኸ። "ደም የምትቀጂበት እጅ እኮ ነው! በእንጀራሽ ነው የምትጫወቺው!" አላት። እጇ በጀሶ ታሰረ። በተፈታ ማግስት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ስትወጣ፣ "ወዴት ነው?" ሲላት፣ "እጄ ድኗል። እግሬ ደግሞ መጀመሪያውኑ ምንም አልሆነም" ብላው ሄደች።

መዝለልና በአየር ላይ መሽከርከር አይሆንልኝም ብላ የያዘችው አይስ ዳንስ የሚባለውን ነው። በዚህኛው ዝላይ የለም። ዋልትዝ አለ፣ ታንጎ አለ፣ ቻቻ አለ፤ እያንዳንዱ እግር የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ የተወሰነ ነው፣ ዋናው ነገር ከሙዚቃው ምት ሳይወጡ በጫማው ስለት ጠርዝ መንሸራተት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚደነሰው በጥንድ ነው፤ ጥንድ ለሌለው ግን ብቻውን የሚወዳደርበት ክፍል አለ። "እኔስ ጥንድ አለኝ፣ መኪና ውስጥ ሬዲዮ እየሰማ ይጠብቀኛል" እያለች ትስቅ ነበር።

ሁሉም አብሯት አልሳቀም። እትዬ ለተማርያም የሚባሉ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ቃላቸው የሚከበር እናት አሉ። አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ደጁ ላይ አቆሟት።

"ልጄ፣ እውነት ነው የሚሉት? አጭር ቀሚስ ለብሰሽ በረዶ ላይ ትሽከረከሪያለሽ?"

"ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ነው፣ እትዬ። ከሥሩም ወፍራም ታይት አለ፤ ብርድ ነዋ።"

"እኔ ስለ ብርዱ አልጠየቅኩሽም። ባለትዳር ነሽ፣ ልጅ አድርሰሻል። ምን ጎድሎሽ ነው?"

ምንትዋብ ጎንበስ ብላ ትከሻቸውን ሳመችና፣ "ምንም አልጎደለኝም። ሳይጎድልብኝም ደስ ሊለኝ አይችልም እንዴ?" አለቻቸው። እትዬ ለተማርያም ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። እኔ ደንግጬ ነበር፤ እሳቸውን መልሶ የሚናገር ሰው አይቼ አላውቅም።

በሁለት ሺህ አሥራ ሰባት፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ሪንኩን የላቲን ነገር ያዘው። በዚያ ወቅት በቴሌቪዥን የምናያቸው የዓለም ጥንዶች ሁሉ ከሁለቱ ዳንሶቻቸው አንዱን በላቲን አሜሪካ ምት እንዲሠሩ ደንቡ ያዝዝ ነበር። ሩምባ፣ ሳምባ፣ ማምቦ፣ ቻቻ፤ ከዚያ ውጪ አይሆንም። ትልልቆቹ ያደረጉትን ትንንሾቹም ይከተላሉና ሪንኩ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ማራካስ የሚባለው የላቲኖች መሣሪያ ሲንኳኳ ይውላል። ለምንትዋብ የደረሳት ቻቻ ነበር። ሙዚቃውን ከፈለገች አዘጋጆቹ የሚያጫውቱትን ትወስዳለች፤ ካልፈለገች ምቱና ፍጥነቱ ልክ የሆነ የራሷን ታመጣለች። አሠልጣኟ ካረን፣ ረጋ ያለች አሜሪካዊት፣ "የላቲን ስሜት ያለው ነገር ፈልጊ" ብላት ነበር።

እሷ ያገኘችው ከሃውቶርን አጠገብ፣ ጋርዴና በሚባል ከተማ ነው። እዚያ ጋሼ ለገሠ የሚባሉ፣ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ከባንድ ጋር ኮንጋ የሚባለውን ከበሮ ይመቱ የነበሩ፣ እዚህ መጥተው ደግሞ ፓርኪንግ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው አሉ። የልጃቸው ምረቃ ላይ ተጋብዘን፣ ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ ኮንጋቸውን አውጥተው መምታት ጀመሩ። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ስለነበር አየኋት፤ ጠረጴዛው ሥር እግሯ ይሠራል።

"ጋሼ፣ ይሄ የሚመቱት ምንድነው?"

"ቻቻ ነዋ! በእኛ ጊዜ አገሩ ሁሉ የሚጨፍርበት! ዜማው የባቲ ነው፣ ምቱ ቻቻ።"

"ለእኔ ይቅረጹልኛል?"

"ለምንሽ?"

"ልወዳደርበት።"

ሰውየው ሳቁ፤ መሳቋን ሲጠብቁ አልሳቀችም።

የተቀረጸው እሳቸው ጋራዥ ውስጥ ነው። ከእኔ ሱቅ ሁለት በር አልፎ ያለው ሬስቶራንት ውስጥ የሚጫወተው ፍሬው ኪቦርዱን ይዞ መጣ። ችግሩ ሁለቱም ሞቅ ሲላቸው መፍጠናቸው ነው። ለሠርግ ጥሩ ነው፤ ለበረዶ ግን አይሆንም፤ ፍጥነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ካልሆነ ዳኞች ነጥብ ይቀንሳሉ። ምንትዋብ ጫማዋን አውልቃ ሲሚንቶው ላይ በካልሲ ርምጃውን እየሠራች፣ "ጋሼ፣ ሮጡ! እግሬ አልደረሰብዎትም!" ትላለች። እሳቸው ደግሞ "አንቺ ነሽ የዘገየሽ!" ይላሉ። በመጨረሻ ፍሬው ምቱን የሚቆጥርለትን ነገር ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ጋሼ ለገሠም የእሱን ራስ መነቅነቅ እያዩ ተሳካ። መሃል ላይ "በይ እንጂ!" ብለው የጮኹት ሳያስቡት ነበር። ይጥፋ ሲሉ ምንትዋብ እንቢ አለች።

ካረን ሙዚቃውን ሰምታ በጣቷ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። "ምቱ ልክ ነው፣ ፍጥነቱም ልክ ነው። ግን ዜማውን ዳኞቹ አያውቁትም። ላቲን አይመስላቸውም" አለቻት።

"ካልመሰላቸው እነሱም በጣታቸው ይቁጠሩ" አለች ምንትዋብ።

ውድድሩ በመከር ወራት ከሎስ አንጀለስ ወጣ ባለ ከተማ ተደረገ። ዘላለም ድራይቭ አደረገልን፣ ግን መኪናው ውስጥ ቀረ። ጋሼ ለገሠ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው መጥተዋል። ብርዱ እንደዚያ መሆኑን ማንም አልነገራቸውም፤ የእኔን ጋቢ ደረብኩላቸው።

ከምንትዋብ በፊት የወጣችው ሴት በእንግሊዝኛ ዘፈን ደነሰች፤ በየሱፐርማርኬቱ የምንሰማው ዓይነት ነገር፣ ከሥሩ የቻቻ ምት ያለው። ተጨበጨበላት። ከዚያ የምንትዋብ ስም ተጠራ። ስሟን የጠራው ሰው ሦስት ቦታ ሰባበረው፤ እሷ ግን አንገቷን ቀና አድርጋ ገባች። ኮንጋው ጀመረ። የባቲ ዜማ በዚያ ቀዝቃዛ ጣራ ሥር ሲያስተጋባ ሰዎች ዞረው ድምፅ ማጉያውን ሲያዩ አየሁ። "በይ እንጂ!" የሚለው ሲመጣ ጋሼ ለገሠ በጋቢው አፋቸውን ሸፈኑ። እሷ አንድም አልተሳሳተችም። እኔ ስለ በረዶ የማውቀው የለኝም፤ ካረን ናት "በሕይወቷ እንደዛሬ ሠርታ አታውቅም" ያለችኝ።

ውጤቱ ሲለጠፍ የመጨረሻዋ እሷ ነበረች። ለሙዚቃው ተቀንሶባታል፤ የተፈለገውን ምት አያሟላም ተብሎ።

ካረን ክንዷን ይዛ "ነይ እንሂድ" አለቻት። ምንትዋብ ጫማዋን እንኳ ሳትፈታ፣ ስለቱን በፕላስቲክ መሸፈኛ ሸፍና፣ ቀጥ ብላ ወደ ዋናው ዳኛ ሄደች። ሸበቶ ሰው ነው፣ ትሁት ነው። እኔም ተከተልኳት።

"ይቅርታ፣ ምቱ ላይ የጎደለው ምን እንደሆነ ልረዳ ፈልጌ ነው" አለችው።

"የላቲን ጠባይ አልነበረውም። ዜማው የሌላ አካባቢ ነው፣ ቆንጆ ነው፣ ግን..."

"ከእኔ በፊት የወጣችው የእንግሊዝኛ ዘፈን ነበር። እሱስ ላቲን ነው?"

"ምቱ ቻቻ ነበር።"

"የእኔስ ምቱ ምን ነበር?"

ሰውየው ወረቀቶቹን ሰበሰበ። ከዚያ "ዳኞቹ በድምፅ ብልጫ ነው የወሰኑት" አለ።

"ደንቡ ምት ነው የሚለው ወይስ ዜማ?"

"እመቤቴ፣ ውሳኔው የመጨረሻ ነው።"

"ኦኬ" አለች። "ዛሬ የእናንተ ውሳኔ የመጨረሻ ነው። በሚቀጥለው ውድድር ግን ይሄንኑ ሙዚቃ ይዤ እመጣለሁ። የእኔ ደግሞ እሱ ነው።"

ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

መኪናው ጋ ስንደርስ ጋሼ ለገሠ ጋቢውን አጣጥፈው መለሱልኝና፣ "የእኔ ጥፋት ነው። እኛም እኮ ምቱን ከሸክላ ነው የሰማነው፤ የሰው ነገር ነው። የእነሱን ሙዚቃ ውሰጂ፣ ልጄ፣ እኔ አልቀየምም" አሏት።

"ጋሼ፣ እርስዎ ምን አደረጉ? የመቱት ቻቻ አይደለም እንዴ?"

"ቻቻ ነው።"

"ሶ፣ ለምን ይቅርታ ይጠይቃሉ?"

ዘላለም በመስታወቱ እያያት፣ "ለአንድ ሙዚቃ ብለሽ ድካምሽን ሁሉ ገደል አትክተቺ። የሰጡሽን ወስደሽ ብትደንሺ ማን ይሞታል?" አላት።

"ማንም አይሞትም" አለች። "ግን አንተ ተሳፋሪ መኪናህ ውስጥ ገብቶ 'ይሄ የምታወራው እንግሊዝኛ አይደለም' ሲልህ መልሰህ ምን ትለዋለህ?"

ዘላለም ሞተሩን አስነሳ። ሃውቶርን እስክንደርስ ሬዲዮውን አልከፈተም።

በፌርፋክስ ወሬው ቶሎ ደረሰ። "መጨረሻ ወጣች አሉ" እያሉ ሱቄ ድረስ መጥተው የሚጠይቁኝ ነበሩ። እትዬ ለተማርያም እንኳ በርበሬ ሊገዙ መጥተው፣ "ሳይደግስ አይጣላም፤ ይሄ እንኳ ቢያስተዋት" አሉ። አላስተዋትም። ክረምቱን ሙሉ ከሥራ በፊት እየሄደች በዚያው ሙዚቃ ተለማመደች። ካረንም አብራት ገባችበት። መጀመሪያ ፈርታ የነበረችው ሴት አሁን ሌሎች አሠልጣኞችን እየጠራች፣ "እስቲ ስሙ፣ ቁጠሩ፣ ቻቻ አይደለም በሉኝ" ትል ጀመር።

ሁለተኛው ውድድር በጸደይ ሆነ። ዋናዋ ዳኛ ሌላ ሰው፣ መነጽር ያደረገች አጭር ሴት ነበረች። ካረን ከውድድሩ በፊት ቀርባ የባለፈውን ነገረቻት፤ ሴትዮዋ ሙዚቃው ይሰማ አለች። አጥሩ አጠገብ ቆማ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በእስክሪብቶዋ እንጨቱን እየነካች ሰማች። ሲያልቅ፣ "ቻቻ ነው" አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ያን ቀን ዘላለም መኪናውን ፓርክ አድርጎ ወደ ውስጥ ገባ። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆመ፣ ለመውጣት እንዲመቸው መሰለኝ። ምንትዋብ በሰላም ጀመረች፤ ኮንጋው ገባ፣ ዜማው ገባ። ሁለተኛው ዙር ላይ ግን መታጠፊያው ጋ ስለቷ ያዛትና ተንገዳገደች፣ እጇ በረዶውን ነካ። ተነሳች። ምቱ ግን አመለጣት፤ እሱን ስታሳድድ ሌላ ርምጃ ጣለች። "በይ እንጂ!" ሲሉ ጋሼ ለገሠ ከድምፅ ማጉያው፣ ዘላለም ከበሩ ጋ ሆኖ አብሮ ጮኸ። ያ ሁሉ ፈረንጅ ዞሮ አየው።

መጨረሻ ወጣች። በድጋሚ።

ውጤቱን በጣቷ እየተከተለች ረጅም ጊዜ ቆመች። ለሙዚቃው የተቀነሰ አልነበረም፤ ከዜሮ በቀር በዚያ ሣጥን ውስጥ የተጻፈ የለም። ከዚያ ሳቀች፣ በሆዷ፣ እስክታነባ ሳቀች።

ዘላለም ግራ ገባው። "ምን ያስቅሻል? መጨረሻ እኮ ነው የወጣሽው!"

"አዎ፣ ግን ይሄኛው የእኔ ነው" አለች። "እግሬ ነው ያወረደኝ። ያንን ልሠራበት እችላለሁ። የባለፈው ግን የእነሱ ነበር።"

እዚያው ቆመን ሳለ ስትወዳደር ያየኋት አንዲት የጋርዴና ጃፓናዊት መጣችና ሙዚቃውን ከየት እንዳገኘችው ጠየቀቻት፤ ለራሷ ቻቻ ፈልጋው ነበር።

"ባለቤቱ ጎረቤትሽ ናቸው" አለቻት ምንትዋብ። "ራሴ እወስድሻለሁ። ግን አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ሊቀንሱብሽ ይችላሉ።"

"ከቀነሱብኝስ?"

"ከቀነሱብሽ ሄደሽ ትጠይቂያቸዋለሽ። እኔም አብሬሽ እቆማለሁ።"

እትዬ ለተማርያም እስከ ዛሬ ሐሳባቸውን አልቀየሩም። ምንትዋብም እሁድ እሁድ ትከሻቸውን ትስማለች፤ ሰኞ ማለዳ፣ ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት፣ ሪንኩ ላይ ነች።