እኩል ይሸከማሉ

በክር ፋብሪካው ውስጥ የመብራት ክፍል ኃላፊውን በስሙ የሚጠራው የለም። «ከመቶ አራት» ነው የሚሉት። ቅጽል ስሙን ያወረሰው ከግቢው ጀርባ በሽቦ አጥር ውስጥ የቆመው አሮጌ ትራንስፎርመር ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ዘይቱን ያየለት፣ አቧራውን የጠረገለት፣ ድምፁ በተለወጠ ቁጥር ጆሮውን የደቀነለት እሱ ነው። ሚስቱ፣ «እኔን እንዲህ አዳምጠኸኝ ታውቃለህ?» ትለዋለች። ስቆ ያልፋል።

ፋብሪካው አዳዲስ ማሽኖች ሲያስገባ ሁለተኛ ትራንስፎርመር ተገዝቶ ከአሮጌው ጎን ተተከለ። የእያንዳንዳቸው አቅም አንድ ሺህ ኪሎ ቮልት አምፒር ነው። ሥራ አስኪያጁ ደመረና ሁለት ሺህ አገኘ። ይህንንማ ሕፃን ልጅም ይደምረዋል። የመብራት ኃላፊው ግን የሁለቱንም የስም ሰሌዳ አንብቦ ነበር፤ አሮጌው ላይ ኢምፒዳንስ ከመቶ አራት፣ አዲሱ ላይ ከመቶ ስድስት ይላል።

«ጌታዬ፣ ይሄ ቁጥር ጭነት ሲመጣባቸው ምን ያህል እንደሚያስቸግሩ ነው የሚናገረው» አለ። «የሚያስቸግረው ትንሽ ይወስዳል፣ የማያስቸግረው ብዙ። ሁለት ሺህ ከጫንን አሮጌው ላይ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ያርፍበታል፣ አዲሱ ላይ ስምንት መቶ። ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ባናልፍ ነው የሚሻለው።»

«መጠናቸው አንድ አይደለም እንዴ? እኩል ይሸከማሉ! አንተ ደግሞ ከመቶ አራትህን ይዘህ መጣህ።»

ቢሮው ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ እኔን የሚያበግነኝ ይሄ ነው።

በማግስቱ የርክክብ ወረቀት መጣ። «ሁለቱ ትራንስፎርመሮች ጭነቱን እኩል ይሸከማሉ» ይላል፤ አንድ ባለሙያ እንዲፈርምበት ይፈለጋል። መጀመሪያ የቀረበላት የጥገና መሐንዲሷ አንብባ ወረቀቱን መለሰችው።

«እኔ አልፈርምም።»

ሥራ አስኪያጁ አፈጠጠባት፤ እሷም አፈጠጠችበት። ከዚያ ድምፁን አለስልሶ ወደ መብራት ኃላፊው ዞረ። «ወንድሜ፣ ለፎርማሊቲ ነው እኮ። አንተን አምነን አይደል?»

ይሉኝታ ያዘው፤ ፈረመ።

ማታ ለሚስቱ ሲነግራት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ «ልጅቷ እምቢ ስትል ምን አደረጓት?»

«ምንም።»

«ምንም!» አለችና ሳህኑን ፊቱ አስቀምጣ ወጣች።

ማሽኖቹ ሁሉ ሲነሱ ጭነት ሲበዛ ኃይሉን የሚቆርጠው የአሮጌው ብሬከር እየዘለለ አስቸገረ። ሥራ አስኪያጁ፣ «የሚዘልበትን ልክ ከፍ አድርገው፣ ምርት እያስቆመ ነው» አለው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባል አላጣውም፤ ግን ከፍ አደረገው። በሁለተኛው ወር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የአሮጌው ዘይት ፈልቶ ገነፈለና ነደደ። አዲሱ አጠገቡ ቆሞ ከወጉ በላይ እንኳ አልሞቀም ነበር። ሰውየው የእሳት ማጥፊያውን ባዶ እስኪሆን ረጨና አጥሩን ይዞ እንደ ልጅ አለቀሰ።

አጣሪ ኮሚቴ ተቀመጠ። የማን ፊርማ ነው? የእሱ። ብሬከሩን ከፍ ያደረገው ማን ነው? እሱ። ሥራ አስኪያጁ ያዘዘው በቃል ነበር፤ ቃሉን ደግሞ ውሃ በልቶታል። ቁጥሩን አላወቀም ይሆናል እንዳይባል፣ ቅጽል ስሙ ራሱ ምስክር ሆኖ ቆመበት። «ከመቶ አራት» የሚባል ሰው አላወቅሁም ሊል ነው?

የስንብት ደብዳቤውን ጸሐፊዋ አመጣችለት። ውስጡ አሮጌውን በቸልተኝነት ያቃጠለው እሱ መሆኑን አምኖ መቀበሉ ተጽፏል። መሐንዲሷ በር ላይ ቆማ ነበር።

«እንዳትፈርም! ክሰሳቸው፤ እኔ እመሰክርልሃለሁ» አለችው።

እስክሪብቶውን አስቀመጠው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ ሊል አፉን ከፈተ።

«አባባ» አለች ጸሐፊዋ ቀስ ብላ፣ «ሳላስፈርም ከተመለስኩ እኔን ነው የሚቆጡኝ።»

ጸሐፊዋን አያት። እስክሪብቶውን አነሳ።

«የት ጋ ነው ልጄ?» አለ።