የሩዲ ደብተር በጋይንት አውድማ ላይ

ከደብረ ታቦር የተነሣነው በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ ረቡዕ ጧት፣ ውርጩ ከሣሩ ላይ ሳይለቅ ነው። ሁለት ነበርን። እኔ በከተማው እንግሊዝኛ የማስተምር መምህር ነኝ። የጉዞ ጓደኛዬ ሩዲ የሚባል ኦስትሪያዊ የቧንቧ ባለሙያ ሲሆን፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሦስት ምንጮችን አይቶ ለመጠጥ ውኃ ይበቁ እንደሆነ እንዲለካ አንድ የረድኤት ድርጅት ልኮታል። እኔን አስተርጓሚ አድርገው የመደቡኝ የአውራጃው ሰዎች ናቸው። ከመነሣታችን በፊት አንድ ወረቀት አስፈረሙኝ፤ ፈረንጁ ለሚሄድበት፣ ለሚያየውና ለሚጽፈው ሁሉ ተጠያቂው እኔ ነኝ ይላል። ባለቤቴ ዘነበች ስንቄን እየቋጠረች "እንዲያው የሚጽፈው ነገር ባይኖረው ምን ነበር" አለች።

የተሳፈርነው እህል ሊያመጣ ባዶውን ወደ ነፋስ መውጫ በሚሄድ የጭነት መኪና ነው። ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ አስቀመጠን። በስተቀኛችን ጉና ጉም ተከናንቦ ቆሟል። መንገዱ ኮረኮንች ስለሆነ በየጉድጓዱ እንነጥራለን፤ በነጠርን ቁጥር ሩዲ ቀኝ ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ ዓይኑን ይጨፍናል።

"ምን ሆኖ ነው?" አለኝ ሾፌሩ።

ጠየቅሁት። ሩዲ በተሰባበረ እንግሊዝኛው "ኳስ" አለ። "አሥራ አራት ዓመት ኳስ ነበር እንጀራዬ።"

ሾፌሩ ይህን ስነግረው ፍሬን ሊይዝ ምንም አልቀረው። "አጥቂ ነው በረኛ?"

"አማካይ" አለ ሩዲ። "ከኋላ ተቀብዬ ወደ ፊት የማቀብል። ጎል ሲገባ ስሙ የማይጠራ።"

ሾፌሩ ትንሽ አዘነ መሰለኝ፤ ከዚያ በኋላ የጠየቀው ነገር የለም።

ነፋስ መውጫና አርብ ገበያ

ነፋስ መውጫ ስሟን አላሳፈረችም፤ ከመኪናው ስንወርድ ባርኔጣዬን ነጥቃኝ ነበር። የነቢያት ጾም ስለነበር እራታችን ሽሮና ስልጆ ሆነ። ሩዲ እንቁላል እንዲጠበስለት ቢለምን ባለ ምግብ ቤቷ "በጾም? ከእኔ ቤት?" ብላ ፊቷን አዞረችበት።

በማግሥቱ አርብ ገበያ ገባን። ያረፍነው አቶ ሰይድ ከሚባሉ ነጋዴ ቤት ነው። ጨውና አቡጀዲ ይሸጣሉ። እስላም በመሆናቸው ጾሙ አይመለከታቸውም፤ የሩዲን ነገር ሲሰሙ እየሳቁ አራት እንቁላል አስጠበሱለት። ሩዲ በእንቁላሉ ላይ ያሳየው ደስታ እስካሁን አይረሳኝም።

ዓርብ ገበያው ሲቆም እኛ ከከተማው በታች ያለውን ምንጭ ስንለካ አረፈድን። ሩዲ ባልዲውን ከውኃው ሥር አድርጎ በሰዓቱ ይቆጥራል፤ እኔ እጽፋለሁ። ውኃው ደህና ነው አለ። ከገበያው ቅዳሜ ወደ ስማዳ የሚያደርሱን ሁለት በቅሎዎች ከነባለቤታቸው ተከራየን።

አውድማው

የሆነው ነገር የሆነበትን መንደር ስም አልጽፍም፤ የነበሩት ሰዎች ዛሬም እዚያው አሉ። ከአርብ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ፣ ቁልቁለቱ ሊጀምር ሲል፣ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሚሊሺያዎች አስቆሙን። ከኋላቸው ካኪ የለበሰ ወጣት ካድሬ መጣ። የይለፍ ወረቀታችንን አየና ሻንጣ ይፈተሽ አለ።

ከሩዲ ሻንጣ ሥር አንድ ወፍራም ደብተር ወጣ። እኔም ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ካድሬው ገለጠው። በየገጹ አራት ማዕዘን ተሠምሯል፤ በውስጡ ክቦች፣ መስቀለኛ ምልክቶች፣ ከአንዱ ወደ አንዱ የሚሄዱ ቀስቶች አሉ። ከሥር በጀርመንኛ የተጻፈ ነገር አለ። ከዓመታት በፊት አንድ ወረቀት ጽፈሃል ተብዬ ሰባት ወር ታስሬአለሁ። ያን ወረቀት ዓይኔም አላየው። አሁን ግን ያየሁት፣ የፈረምሁለት ሰው ደብተር ነው።

"ይህ ምንድን ነው?" አለኝ ካድሬው። "ጦሩ የቱ ነው? ቀስቶቹስ ወዴት ነው የሚገቡት?"

ሩዲን ጠየቅሁት። የመለሰውን ተረጎምሁ፦ "የኳስ ጨዋታ ነው ይላል፣ ጓድ። የተጫወታቸውን ጨዋታዎች ነው የሳለው።"

"ኳስ ጨዋታ ይህን ያህል ደብተር ይፈጃል?"

ሚሊሺያዎቹ መሀል አድርገው ወደ መንደሩ ወሰዱን። መንደርተኛው ከአውድማ ላይ ነበር፤ በሬዎቹ ገብሱን እየዞሩ ያበራያሉ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ አላምረው የሚባሉ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ካድሬው ደብተሩን ሲያሳያቸው ገለባበጡትና "ጓድ፣ እኔ እንኳን የፈረንጁን የራሴንም ፊደል በመከራ ነው የምለየው" አሉ። "መርጌታ ጥበቡ ይዩት። ወንድማቸውን አውድማ ሊያግዙ ከድጓው ደብር ከቤተ ልሔም መጥተዋል።"

ካድሬው ፊቱን አከፋ፤ ግን ሰው ሁሉ እያየው ነበር። መርጌታ ጥበቡ ገለባቸውን አራግፈው መጡ። ሸምገል ያሉ፣ ጥምጣማቸው ላይ አቧራ የተኛበት የድጓ መምህር ናቸው። ደብተሩን ተቀብለው ገጽ በገጽ፣ ሳይቸኩሉ አዩት።

"እኛ ዘንድ" አሉ በመጨረሻ፣ "ከፊደሉ በላይ ምልክት አለ። ዜማው የሚነሣበትንና የሚወድቅበትን ይነግረናል። ለማያውቅ ሰው የዝንብ ኩስ ነው የሚመስለው። የዚህን ሰውም ምልክት እኔ አላውቀውም። የጻፈው ሰው ግን ያውቀው እንደሆነ መፈተን ይቻላል።"

"እንዴት አድርገው?" አለ ካድሬው።

"ተማሪ እንደምንፈትነው ነዋ። ደብተሩ በእኔ እጅ ይሁን። እሱ በቃሉ ያውርደው። ዘመቻ ከሆነ ይጠፋዋል። የራሱ ዕድሜ ከሆነ አይጠፋውም።"

ሩዲ ነገሩን ስነግረው ጃኬቱን አውልቆ ወደ አውድማው ገባ። የአውድማው አንድ ጎን ተጠርጎ ነበር፤ በእበት የተለቀለቀ ስለሆነ እንደ ሰሌዳ ልሙጥ ነው። በእንጨት አራት ማዕዘን አሠመረ። አቶ አላምረው አንድ እፍኝ ባቄላና አንድ እፍኝ ሽምብራ አስመጡለት። አሥራ አንዱን ባቄላ የእሱ ቡድን አደረገ፣ አሥራ አንዱን ሽምብራ ባላጋራ። ለኳስ አንዲት አተር አስቀመጠ።

መርጌታ አንድ ገጽ ገለጡ፤ እኔ ከላይ የተጻፈውን ቁጥር ነገርሁት። ሩዲ አሰብ አደረገና ባቄላዎቹን መደርደር ጀመረ። "አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው" አለ፣ እኔም እየተከተልሁ እተረጉማለሁ። "አባቴ ብረት ማቅለጫ ነው የሚሠራው። እኔ በሳምንት አምስት ቀን የቧንቧ ሥራ እማራለሁ፤ እሑድ እጫወታለሁ። ኳሷ ከዚህ መጣች፣ ወደዚህ ሰጠሁ፣ እሱ ወደዚያ፣ ጎል።" መርጌታ ጣታቸውን በቀስቶቹ ላይ እያስኬዱ አንድ በአንድ አስተያዩ። "ልክ ነው" አሉ። ሌላ ገለጡ። ይኸኛው ጨዋታ ትልቁ ከተማ፣ ቪየና ነበር፤ ሩዲ የቡድን አለቃ ሆኖ ነበር። አሁንም ልክ ነው። ገበሬዎቹ በሬዎቹን አቁመው ተሰበሰቡ። ሦስተኛው ላይ አንዱ ጎበዝ ጎል ሲገባ "እሰይ!" ብሎ ጮኸ፤ ካድሬው ገላመጠው።

ከዚያ መርጌታ አንድ ገጽ ላይ ቆሙ። "ይኸኛው ምንም የለበት። አንዲት ክብ ብቻ፣ ያውም ከመስመሩ ውጭ። ምን እንደሆነች ይንገረን።"

ቁጥሩን ነገርሁት። ሩዲ ባቄላዎቹን ሁሉ ሰበሰበና አንዲቷን ብቻ ካሠመረው ውጭ አኖራት። "እኔ ነኝ" አለ። "ለአገሬ ቡድን የተጠራሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መለያውን ለብሼ ዘጠና ደቂቃ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። አላስገቡኝም።"

ማንም አልሳቀም። መርጌታ ደብተሩን ለካድሬው አዙረው አሳዩት። ወጣቱ ክቧን አየ፣ ባቄላዋን አየ።

"የመጨረሻዋንስ?" አሉ መርጌታ።

ሩዲ ቀስ ብሎ ደረደረ። ጉልበቱ ሁለት ጊዜ ከተቀደደ በኋላ ነው፤ እኩል ለእኩል ቢወጡ ቡድናቸው ከአንደኛው ምድብ አይወርድም ነበር። ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ኳሷ እሱ ዘንድ መጣች። ወደ ግራ አቀበለ። አንዲት ሽምብራ መሀል ገብታ ቀማችና ሄደች። "ጎል። ወረድን። ከዚያ ወዲህ ኳስ በእግሬ አልነካሁም። ይህችን ገጽ ስድስት ዓመት ሙሉ እየደጋገምሁ ስያታለሁ። ወደ ቀኝ ብሰጥስ? ይዤ ብቆይስ?"

ለአውድማው ጠላ ይዘው የመጡ አንዲት አሮጊት ከኋላ ቆመው ይሰሙ ነበር። እንስራውን ሳያወርዱ "እንዴ!" አሉ። "ይችስ ሽምብራ? እሷም እኮ ሰው ናት። ኳሷ ስትሄድ አይታ፣ አስባ፣ ሮጣ ነው የቀማችው። ጥፋቱን ሁሉ ለራሱ አደረገው፤ ያኛውንስ ጎበዝ ማለት የለበትም እንዴ?"

ተረጎምሁለት። ድገምልኝ አለኝ፤ ደገምሁለት። ጎንበስ ብሎ ሽምብራዋን አነሣትና መዳፉ ላይ አገላበጣት። "ቀጭን ልጅ ነበር" አለ። "ገና መግባቱ ነበር። አዎ፣ ጎበዝ ነበር።" ከዚያ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ዓይኑንም በእጅጌው ጠረገ። አሮጊቷ መጀመሪያ የቀዱት ጠላ ለእሱ ሆነ።

ካድሬው እጄን ይዞ ወደ ገለባው ክምር አገለለኝ። ከቅርብ ሳየው ከተማሪዎቼ ብዙም አይበልጥም። "መምህር" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ለቅቄአችሁ ነገ ካርታ ነበር ቢሉኝ፣ የምታሰረው እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አልሁት። "እኔም አብሬህ ነኝ፤ ፈርሜአለሁ።"

ተያየን። ከይለፍ ወረቀታችን ጀርባ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "የተያዘው ደብተር በሕዝብ ፊት ተመርምሮ የኳስ ጨዋታ ሆኖ ተገኝቷል።" እሱ ፈረመ፣ አቶ አላምረው አውራ ጣታቸውን አሳረፉ፣ ማኅተም ተመታበት። ያን ጊዜ ገለባው ላይ ዝርግት አልሁ። ሴቶቹ ባቄላና ሽምብራውን ለቅመው ወደየቁናው ሲመልሱ እኔ የምሥቀው ሣቅ ለራሴም ይገርመኝ ነበር። ንፍሮ አቀረቡልን፤ እንደዚያ የጣመኝ ምግብ የለም።

ስማዳ

እሑድ ወገዳ ደረስን። ሰኞ ያየነው ምንጭ ከአንድ ቋጥኝ ሥር ይወጣል፤ ሴቶች እንስራቸውን ደርድረው ተራ ይጠብቃሉ። ሩዲ ከመጀመሪያው ይኸ ይሻላል አለ። መንገዱን ሁሉ የቀለለው መሰለ፤ ዳገት ላይ በቅሎዋን ለእኔ ትቶ በእግሩ እያነከሰ ወጣ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አገሩን አየሁት፤ የተከመረውን ገብስ፣ የሸለቆውን ስፋት። እስከዚያ ድረስ የማየው ጠመንጃ የያዘ ሰው ይመጣ እንደሆነ ብቻ ነበር።

እስቴ

ከወገዳ እስከ እስቴ ከተማ መካነ ኢየሱስ ሁለት ቀን በበቅሎ ፈጀብን። ሦስተኛውን ምንጭ ለክተን አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ ከትምህርት ቤቱ ሜዳ መምህራንና ፖሊሶች ይጫወታሉ። መምህራኑ አንድ ሰው ጎድሏቸዋል። አንዱ ወደ እኔ መጥቶ "ፈረንጁ ይገባልናል?" አለኝ።

"ጉልበቱን ያመዋል" ልል አፌን ስከፍት ሩዲ ጫማውን እያጠበቀ ነበር።

አሥር ደቂቃ ያህል ተጫወተ። አልሮጠም ብል ይሻላል። መሀል ቆሞ ኳሷን ይቀበላል፣ ቀና ሳይል ይሰጣል፤ የት እንደሚሰጥ ሰዎቹ ራሳቸው ሳያውቁት ኳሷ እግራቸው ሥር ትገኛለች። ከዚያ አንድ አጭር ፖሊስ ከኋላው መጥቶ ነጠቀውና ሄዶ አገባ። መምህራኑ ተበሳጩ። ሩዲ ግን ፖሊሱ ዘንድ ሄዶ እጁን ጨበጠው። ፖሊሱ ምን እንደተደረገለት ሳይገባው አጸፋውን ሰላምታ ሰጠ።

ደብረ ታቦር

አውቶቡሱ ቀትር ላይ አደረሰን። ሩዲ ልኬቱን አስረክቦ በሳምንቱ ወደ ሌላ አገር ሄደ። እኔን ወረቀት ያስፈረሙኝ ሰዎች ሪፖርቴን ተቀብለው አንድም ነገር አልጠየቁኝም። ከቢሮው ስወጣ በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት፤ እንዳይጠሩኝ።

ከዚህ ጉዞ ምን ተማርህ ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው። በዚያ ዘመን ወረቀት ያሳሰረው ሰው ብዙ ነው፤ እኔም አንዱ ነበርሁ። ሰባት ወር ስታሰር ስለ ወረቀቱ የጮኸብኝ እንጂ "እስቲ አንብብልን" ያለኝ አልነበረም። በጋይንት አውድማ ላይ ያን የሚል አንድ ሰው ተገኘ፤ የቀሩትም በሬ አቁመው ለመስማት ጊዜ ነበራቸው።

ቤቴ ስገባ ዘነበች ከበራፉ ላይ ጥጥ ትፈትላለች። ከላይ እስከ ታች አየችኝና እንዝርቷን አስቀመጠች። "ከስተሃል" አለች። ከዚያ መንገዱን ሁሉ ከመጀመሪያው አንሥቼ ነገርኋት፤ ከአውድማው ስደርስ ሳላስበው ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር። እሷም እንደ ወትሮው "ዝቅ አድርገው" አላለችኝም።