የአዴ ዘሃራ ወገብና የግራው ባሌስትራ

ባለፈው ሳምንት በጂማ፣ ቦሳ አዲስ ሠፈር በኩል ሳልፍ፣ አንድ ወጣት መካኒክ ስልክ የምታክል ነገር ከመኪና ጋር አገናኝቶ «ችግሩ ይኸው፣ ጽፎልኛል» ሲል ሰማሁ። ቆሜ አየሁት። አልቀናሁም፣ እውነቴን ነው፤ ደስ ነው ያለኝ። ልቤ ግን ወዲያው ወደ አጋሮ መንገድ ነጎደ።

ያኔ ገና ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። የመካኒክነት ዲፕሎማዬን በቅርቡ ይዤ ነበር፤ ምላሴ ደግሞ ከዲፕሎማው ይረዝማል። በለቀማ ወቅት የአጎቴን ፒክአፕ እየነዳሁ ከጭራ ከተማ ወደ አጋሮ እሸት ቡና አመላልስ ነበር። እሸት ቡና ትዕግሥት አያውቅም። ጠዋት የተለቀመው ሳይመሽ መፈልፈያ ጣቢያው ካልደረሰ ይቦካል፤ የቦካውን ደግሞ ማንም አይቀበልም።

የዚያን ቀን ጆንያው ሁሉ የአዴ ዘሃራ ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው፤ ዓመት ሙሉ የጠበቁት ቡና ነው። ከኋላ፣ ጆንያው ላይ ወጥተው «አደራ፣ ልጄ» ሲሉኝ «ለእኔ ይተዉት!» አልኳቸው። መኪናው ሰሞኑን ከኋላ ሲንቋቋ ሰንብቶ ነበር፤ እኔም መንገጫገጩን የሚያበርዱትን ሁለቱን አሞርዛተሮች በገዛ እጄ ቀይሬ «አለቀ» ብዬ ነበር። አይ ልጅነት!

ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ጥሎ ቀዩ መንገድ ርሷል። ከየጓሮው የበሰለ ቡና ጣፋጭ ሽታ ይመጣል። ብዙም ሳንሄድ ያ ድምፅ ተመለሰ፤ መኪናውም ወደ ጎን ይጎትተኝ ጀመር። አዴ ዘሃራ ጣሪያውን እየደበደቡ «ወገቤን! ኧረ ወገቤን!» ይላሉ። እኔ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ «መንገዱ ነው፣ ትንሽ ይቻሉት!» እላለሁ። እኩለ ቀን ላይ አንዲት የመንገድ ከተማ ስንደርስ፣ ኋላው ቋ! ብሎ ወደ ግራ ተንጋደደና ቆምን።

አባ ዲጋ የሚባሉ ሽማግሌ መካኒክ ተጠሩልን፤ የተቀቀለ ጎደሬ እያኘኩ መጡ። ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ «አሞርዛተሩ ነው፣ አባ» አልኳቸው። መኪናውን ሳያዩ ቀጥታ ወደ አዴ ዘሃራ ሄደው «ዱግዲ ኬ ኤሳ ሲ ዱኩባ?» አሉ። ወገብሽን የቱ ጋ ነው የሚያምሽ ማለታቸው ነው።

ደሜ ፈላ። «አባ፣ ቡናው እየቦካ ነው እኮ! ሕክምናው ይቆይልን!»

«ረጋ በል፣ ልጅ» አሉኝና በኦሮምኛ ጥያቄያቸውን ቀጠሉ። ግራ ዳሌሽ ነው ቀኝ? ዳገት ላይ ነው ቁልቁለት? ከሥር ይመታሻል ወይስ ወደ ኋላ ይጎትትሻል? አዴ ዘሃራ ዳሌያቸውን እያሹ መለሱ፦ ግራውን ነው፣ ዳገት ላይ ነው፣ መቀመጫዬ ከሥሬ ወደ ኋላ የሚሸሽ ይመስለኛል። አባ ዲጋ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ መጣንበት ጥቂት ተራምደው ርጥቡ አፈር ላይ የጎማችንን ዱካ አዩና ጠሩኝ። የኋላ ጎማዎቹ የፊቶቹን ዱካ ስተው፣ በጎን የራሳቸውን መስመር አስምረዋል።

«የግራው ባሌስትራ ነው» አሉ። ባሌስትራ ማለት ተደራርበው ኋላውን የሚሸከሙት የብረት ምላሶች ናቸው። «መሃል ላይ የሚያስራቸው ቡሎን ተቆርጦ የኋላ ጎማዎቹን የያዘው አክሰል ወደ ኋላ ሸሽቷል። አንድ ምላስም ሳይሰበር አልቀረም።»

የሠፈሩ ሰው ተረባርቦ ጆንያውን አውርዶ የኮባ ቅጠል አለበሰው። መኪናውን በክሪክ አንስቼ ከሥር ገባሁ። ወይ ጉድ! ቡሎኑ ለሁለት ተቆርጧል፤ ሁለተኛው ምላስ ከመሃሉ ተሰብሯል። እኚህ ሰው አንድ ቁልፍ እንኳ አላነሱም እኮ! ፀጉሬ ቆመ። ወዲያው ደግሞ ሐፍረት ያዘኝ። ሴትዮዋ ከጭራ ጀምሮ ይህንኑ ነበር የነገሩኝ።

አባ ዲጋ ከአሮጌ ብረት ክምር ልኩን ምላስ መርጠው አወጡ። አክሰሉን ወደ ቦታው መልሰን በአዲስ ቡሎን አሰርነው፤ ባለ ዲፕሎማው ቁልፍ አቀባይ ሆንኩ። የከሰዓቱ የአስር ሶላት ሳይጠራ ጎማው መሬት ረገጠ።

«እንዴት አወቁ?» አልኳቸው።

«አንተ የምትቀመጠው ከፊት፣ ስፖንጅ ላይ» አሉ እጃቸውን በጋዝ እየታጠቡ። «ኋላውን የምታውቀው እሷ ናት። ታዲያ ማንን ልጠይቅ?»

ጣቢያው ስንደርስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ተረካቢው እጁን ጆንያው ውስጥ ከትቶ አሸተተ። «ይግባ» አለ። አዴ ዘሃራ «አልሐምዱሊላህ!» ብለው መሬት ላይ ቁጭ አሉ፤ እኔም አጠገባቸው ተንበርክኬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ቡናዬ ይግባልኝ እንጂ ወገብስ ይድናል» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ዕድሜዬን በጂማ ጋራዦች ፈጀሁ። መኪና በመጣልኝ ቁጥር የሞተሩን ኮፈን ሳልከፍት «ከኋላ የሚቀመጠው ማን ነው?» እላለሁ፤ ሰውም ይስቅብኛል። ዓምና አንድ ጎልማሳ «ትንሽ ይንቋቋል፣ ሌላ ምንም የለውም» ብሎ መኪናውን አመጣልኝ። የኋላውን በር ከፍቼ እዚያ የተቀመጡትን እናቱን የቱ ጋ እንደሚያማቸው ጠየቅኳቸው።

እሳቸውም ትክ ብለው አዩኝና «ዓመት ሙሉ እዚህ ስቀመጥ የጠየቀኝ የለም» አሉ። ልጃቸው መሪውን እንደያዘ አንገቱን ደፋ።