የጠዋቷ ቀንበጥ

ባለ መቀሱ ዛፍ ሲከረክም ሠላሳ ዓመት ሞልቶታል። እጁ ይቀናል ብሎ ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክርለታል፤ እሱ ግን ምስጋናውን የሚሰጠው በራፉ ላይ ለቆመው፣ ሟች አባቱ ለተከሉት አሮጌ ማንጎ ነው። ጠዋት ሲወጣ ከዚያ ዛፍ አንዲት ቀንበጥ ቆረጥ ሳያደርግ የማንንም ጓሮ አይረግጥም። «አባቴን ሳላስፈቅድ?» ይላል ሲጠይቁት። ከዚያ መቀሱን ሱሪው ላይ ጠረግ ጠረግ አድርጎ መንገዱን ይቀጥላል። የሱሪው ቀኝ ጭን ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው፤ ሚስቱ እሱን እድፍ ማስለቀቅ ከተወች ቆይታለች።

ዘንድሮ የአባቱ ማንጎ ከጫፍ ከጫፉ ይደርቅ ጀመር። «እርጅና ነው» ብሎ አለፈው። ሰው ለሚወደው ነገር ሰበብ አያጣም።

ዛሬ ታላቅ እህቱ አስጠራችው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሦስት ልጆቿን የምታሳድገው በአርባ የማንጎ ዛፍ ነው፤ እሱ ከከረከመላት ገና ሁለት ወሩ ነው። ሲደርስ የቀበሌው የሰብል ባለሙያ ቀድማ ቆማለች። የቅርንጫፎቹ ጫፍ እሳት የለበለበው መስሎ ደርቋል፤ ቅጠሉ ቡናማ ሆኖ፣ ሳይረግፍ ተንጠልጥሏል። ይህን ነገር በየጠዋቱ ሲያየው ከርሟል።

ባለሙያዋ ቅርፊቱን በቢላ ፋቅ አደረገችው። ከሥሩ ቡናማ መስመር ወደ ግንዱ ይወርዳል።

«ፈንገስ ነው» አለች። «በቁስል ይገባል። የታመመ ዛፍ የነካ መቀስ ጤነኛውን ሲቆርጥ በሽታውንም ያስገባዋል። ጋሼ፣ መቀስዎን በምን ያጸዱታል?»

እጁ ሳያስበው ሱሪውን ሸፈነ።

«እንዲሁ... እጠርገዋለሁ።»

«በአልኮል ወይ በበረኪና ነው እንጂ፤ ያውም ከዛፍ ዛፍ ሲሻገሩ።» ከዚያ ወደ እህቱ ዞረች። ከደረቀው ወረድ ብሎ ጤነኛው ድረስ መቁረጥ፣ የተቆረጠውን ማቃጠል፣ መድኃኒት መርጨት። «ግንዱ ድረስ የወረደበት ግን ይነቀላል።»

ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማም። ፈራ፤ እንደ ልጅ ፈራ። ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል እንደሚባለው፣ ጥላ ሥር ቆሞ ላብ አጠመቀው። ዝም ቢልስ? ንፋስ ያመጣው ነው ቢባል ማን ይከራከራል?

ባለሙያዋ ስትሄድ እህቱ ክንዱን ያዘችው።

«አይዞህ፣ አንተም ደነገጥክ። የታመመውን አንተው ትቆርጥልኛለህ፤ ሌላ ሰው አላስነካም። ብቻ ነገ ስትመጣ ያባባን ዛፍ ቆረጥ ማድረግ እንዳትረሳ።»

አጠገቡ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ የታመመው እሱ ነው። ያባባ ዛፍ። ከሱ ነው ያመጣሁብሽ፣ በገዛ እጄ።»

እህቱ ዛፎቿን አንድ ባንድ አየቻቸው። እንድትጮህበት ፈለገ፤ ጩኸት ይሻለው ነበር።

«ከኔ ወዲህስ» አለች ቀስ ብላ፣ «ማን ማን ጋ ከረከምክ?»

እስከዚያ ድረስ አላሰበውም ነበር። በጣቱ መቁጠር ጀመረ። መምህሩ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ የነርሷ እናት፣ ትምህርት ቤቱ... ጣቶቹ አለቁ። እንደገና ከአውራ ጣቱ ጀመረ።