ከበረዶ የወጣው ነርቭ

በካርቱም ከእኔ የተሻለ ነርቭ ቆራጭ አልነበረም፤ እስከ ግብፅ ድረስ ብትሄዱም አታገኙም። ላብራቶሪው በገባሁበት ቀን ግን መጀመሪያ የቆረጥኩት የገዛ አውራ ጣቴን ነው።

ሥራው ከከተማው ዳር፣ ሶባ አጠገብ ነበር። ከአይጥ እግር ነርቭ አውጥተን ጨው ውሃ በያዘ ጠርሙስ ውስጥ እናቆየዋለን። አለቃችን ዶክተሩ ሲመጣ ሳይበላሽ የሚያደርቀው መድኃኒት ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ፀጉር አጠገቡ ግንድ እስኪመስል አሳስተን እንቆርጠዋለን። ሕጉ አንድ ነበር፤ ጠርሙሱ ከበረዶ አይውጣ። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። በዚያ ሙቀት ሥጋ በረዶ ካጣ አለቀለት ብዬ አምን ነበር።

በስምንተኛው ዓመቴ ጽጌ መጣች። እዚያው ያደገች የአገራችን ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ግማሹ ዐረብኛ። ዶክተሩ የእኔን ቁራጭ አይቶ «ኩወይስ» ይላል፣ ጥሩ ነው። የእሷን ሲያይ «ኩወይስ ሸዲድ»፣ በጣም ጥሩ። ያቺ «ሸዲድ» ምግብ ከለከለችኝ። ቅናቴን በመኪና ቢጭኑት ዓባይ ላይ ያለው የባሕሪ ድልድይ ይሰበር ነበር።

አንድ ቀን ዶክተሩ የዋና ቴክኒሻንነቱን ቦታ ለአንዳችን ሊሰጥ እንደሆነ ነገረንና እያንዳንዳችን አንድ ነርቭ እንድናዘጋጅ አዘዘ። በእኛ ማይክሮስኮፕ ውስጡ ስለማይታይ ፎቶው ውጭ አገር ይነሣል። ጽጌ ሻይ ልትጠጣ ስትወጣ ጠርሙሷን ከበረዶ አውጥቼ የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጥኩት። በሙቀቱ ይበላሽ ብዬ ነው። ዶክተሩ ሊገባ ሲል መለስኩት፤ ወዲያውም መድኃኒቱ ውስጥ ገባ።

ፎቶዎቹ መጡ። ዶክተሩ ጎን ለጎን ዘርግቶ በእርሳስ እያሳየ አስረዳን። በነርቭ ክር ውስጥ ከቀጫጭን ድርና ከቧንቧ የተሠራ አጽም አለ፤ ድሮቹ የክሩን ውፍረት ይይዛሉ፣ ቧንቧዎቹ ደግሞ ከጀርባ እስከ እግር ጣት ስንቅ የሚጓዝባቸው ሐዲድ ናቸው። ሐዲዱ ከፈረሰ የክሩ ጫፍ በረሃብ ይሞታል። የእኔ ነርቭ ድር ብቻ ነበረው። የጽጌ ቧንቧ ግን ከተማ ሙሉ ውሃ ያጠጣል።

እንዲህ ያለ ነርቭ ከላብራቶሪያችን ወጥቶ ስለማያውቅ ዶክተሩ ድገሚው አላት። በሕጌ መሠረት በበረዶ ደገመችው፤ ፎቶው ሲመጣ ቧንቧዎቹ ጠፍተዋል። ዶክተሩ የፊተኛውን የሌላ ሰው ሥራ አምጥታ እንዳታለለችው ጠረጠረ። የላብራቶሪውን ቁልፍ አስረክቢ አላት።

ዕቃዋን እየሰበሰበች፣ «ጋሼ መስፍን፣ ወላሂ ሁለቴም አንድ ዓይነት ነው የሠራሁት። አንተ አጠገቤ ነበርክ። ምን አጠፋሁ?» አለችኝ።

ዶክተሩ ቢሮ ገብቼ ያደረግኩትን ነገርኩት። እንደሚያባርረኝ እርግጠኛ ነበርኩ። እሱ ግን ፎቶዎቹን እንደገና ጎን ለጎን ዘርግቶ፣ «መስኮቱ ላይ ስንት ደቂቃ ቆየ?» አለኝ።

ግማሽ ሰዓት አልኩት። ራሱ ሞክሮ አረጋገጠው፤ ቅዝቃዜ ቧንቧዎቹን ያፈርሳል፣ ድሮቹን ግን አይነካም። ጽጌን ይቅርታ ጠየቃት፤ ቦታውም የእሷ ሆነ። እኔ ከዚያ በኋላ በእሷ ሥር ሠራሁ።

ነርቭ የምትይዙ ልጆች፣ መድኃኒቱ ውስጥ እስኪገባ በሰውነት ሙቀት አቆዩት። እኔ በእነዚያ ስምንት ዓመታት በትክክል ያቆየሁት አንድ ነርቭ ብቻ ነው፤ እሱንም የጽጌን ሥራ ላበላሽ ብዬ ነው።