የታጠበችው እህቴ

ይህ ታሪክ ሊነገር ይገባው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ማንም አልሞተም፤ ከተማችን ቦንጋም ከዚህ የባሰ ብዙ አይታለች። ግን ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ፣ ዶርም ውስጥ ጉሮሮው የሻከረ ሰው ሲናገር ስሰማ እህቴ ትናፍቀኛለች።

ታላቅ እህቴ የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሲደርስባት ወባ ያዛት። ለቀናት ተከፋፍሎ የሚወሰደውን ኪኒን ባንዴ ዋጠችው። ቶሎ ድና ሰኞ ልትፈተን ነበር። ብዙም ሳትቆይ «ጆሮዬ ጮኸብኝ» ብላ ተዝለፈለፈች። እናታችን ወተት አጠጣቻት፤ ጎረቤታችን ባለሱቁ ጋሼ ባጃጅ አስቁመው ሆስፒታል አደረሱን።

ነርሱ በአፏ ቱቦ አስገብቶ ውኃ አንቆረቆረባት። ቱቦውን ዝቅ ሲያደርገው ውኃው ተመልሶ ባልዲው ውስጥ ይወርዳል። እኔ እጇን ይዣለሁ። መጀመሪያ የመጣው የእናቴ ወተት ነበር፣ የኪኒን ስብርባሪ ተቀላቅሎበት።

«ጎበዝ፣ የኔ እህት፤ ትንሽ ቻይው፣» ይላታል ነርሱ።

ውኃው እንደገባ ጠርቶ እስኪወጣ ደጋገመው። ቱቦው ሲወጣ እህቴ በሻከረ ድምፅ፣ «ዛሬ ምን ቀን ነው?» አለች።

ፈተናው አለፋት። ሰፈራችን ቦኖ ጋ ግን ሌላ ወሬ ነበር።

«የታጠበችው መጣች!» ይላሉ ውኃ ቀጂዎቹ። «ለየትኛው ወንድ ብላ ነው የዋጠችው?»

«ለፈተና ነው!» እላለሁ።

«አይ የኔ ሞኝ! ለፈተና ተብሎ ይሞታል?»

እህቴ ውኃ መቅዳት ተወች፤ ቀጥሎ ከቤት መውጣት፤ በመጨረሻም መጽሐፍ መግለጥ። እናቴ ደካ የሚባል አገር፣ አክስታችን ጋ ላከቻት። «ለሚመጣው ፈተና ካልተመዘገበች፣ ትምህርቷ በዚያው ቀረ፣» አለችኝ።

አልጋችን ሰፋብኝ። ቢሰፋም ከግድግዳው በኩል፣ የራሴ ቦታ ላይ ነበር የምተኛው። መጽሐፎቿን እየገለጥኩ፣ በእርሳስ ያሰመረችበትን ብቻ አነባለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ መናኸሪያ ቆሜ የደካን መኪና እጠብቃለሁ። ረዳቱ ለምዶኝ ከሩቁ፣ «ዛሬም የለችም!» ይለኛል።

ምዝገባው ሊዘጋ ሲቃረብ፣ አንድ ቅዳሜ ረዳቱ «የለችም» አላለኝም። በሩን ከፈተ። እህቴ ማር የሞላ ጀሪካን ይዛ ወረደች። ወፍራለች። ወደ ቤት የሚወስድ ሌላ መንገድ ነበር፤ እሷ ግን በቦኖው በኩል ሄደች።

«ውይ፣ የታጠበችው!» አለች አንዷ።

እህቴ ቆመች። «አዎ፣ እኔው ነኝ። ሆስፒታል ሆዴን አጥበው ባዶ አደረጉት፤ አክስቴ በማር ሞላችው። ሰኞ ለፈተና እመዘገባለሁ። ሌላ የምትጠይቁት አለ?»

ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ድምፅዋ ጠርቷል። ያን ዕለት አልጋችን እንደገና ጠበበ። ቅዳሜ፣ የካቲት 3 ቀን 2004 ዓ.ም. ነበር።